ሶልቬይ፦ የአንድ ብርቅ ስም ታሪክ

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የሴት ልጅ ስም ነው። ስሙ ሶልቬይ ይባላል። እዚህ ኦስሎ በአረጋውያን መኖሪያ የምትሠሩ እኅቶች ስሙን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ዘጠና ከተጠጉት እናቶች መካከል አንዲት ሶልቬይ አይጠፋም። ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሱ ደግሞ አልፎ አልፎ ከትንንሾቹ መካከል አንዲት ሶልቬይ ሰምታችሁ ይሆናል። በመካከል ባለው ዕድሜ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት በሆናቸው ሴቶች ዘንድ፣ ስሙ ጥቂት ነው። ከኖርዌይና ከጎረቤቶቿ ውጭ ደግሞ ብርቅ ነው። አያትን ይዞ፣ እናትን ዘሎ፣ የልጅ ልጅ ላይ የሚያርፍ ስም ታሪክ አለው፤ ያንን ታሪክ ነው የምነግራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ርዕስ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በዚህ አገር ለሚወለዱ ልጆቻችን ስም ስናወጣ ብዙዎቻችን የአገሩን ስም እንጨምራለን። መጨመሩ መልካም ነው። የምንመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ስለጣመን፣ ወይም ስልካችን ላይ ከስሙ ጎን የተጻፈችውን አንዲት የትርጉም መስመር አምነን ነው። የሰው ስም ከዚያ የበለጠ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይገባል። የሶልቬይ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ አንድ ስም ምን እንደሆነ የሚወስነው መጀመሪያ ከተሠራበት ቃል ይልቅ ሰዎች ዘመን በዘመን እየተቀባበሉ የጨመሩበት ነገር ነው።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ስም ንግግር ነው። ምትኩ ከተባለ ከእርሱ በፊት የሞተ አለ። ማስረሻ ከተባለች እንድታስረሳ የተጠበቀ ኀዘን አለ። በላቸው ከተባለ ቤተሰቡ ባላንጣ አለው። ስሙን የሰማ ሰው የቤቱን ሁኔታ በከፊል ሰማ ማለት ነው። ስለዚህ የኖርዌይ ጎረቤታችን ልጅ ወልዳ ስሟን ስትነግረን፣ «ምን ማለት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ጎረቤታችንም ብዙ ጊዜ «የአያቴ ስም ነው» ብላ ትመልስልናለች። ጥያቄያችንን የሸሸች ይመስለናል። በእርሷ ባህል ግን የመለሰችው ትክክለኛውን መልስ ነው።

የሰሜን ሕዝቦች በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ብዙውን ስም የሚሠሩት ሁለት ቃላትን በመግጠም ነበር። ቶር የነጎድጓድ አምላክ ስም ነው፤ ስታይን ድንጋይ ነው፤ ተገጥመው ቶርስታይን ሆኑ። ራግን ከአማልክት ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ሂልድ ጦርነት ነው፤ ራግንሂልድ የሴት ስም ሆነ። ወላጆቹ ግን አንድ ሐሳብ ለመናገር ፈልገው አልነበረም ቃላቱን የገጠሙት። አንዳንዴ አንዱን ግማሽ ከአንድ ዘመድ ስም፣ ሌላውን ከሌላ ዘመድ ስም ይወስዱ ነበር። ዋናው ነገር ዝምድናው ነበር። ኋላም ልማዱ ጠንክሮ፣ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ስም ትጠራ ጀመር።

ሶልቬይም እንዲሁ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ሊቃውንቱም በሁለቱም ላይ ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ፀሐይ የሚለው ቃል ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ቤት ወይም አዳራሽ ማለት ከሆነው ሌላ ጥንታዊ ቃል የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ክፍል፣ ቬይግ የሚለው፣ ራንቬይግን በመሰሉ ሌሎች የሴት ስሞችም ውስጥ ይገኛል። እርሱም ብርታት ማለት ነው ይባላል፤ በጥንቱ ግጥም ውስጥ ደግሞ ቃሉ ብርቱ መጠጥ ማለት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሶልቬይ የፀሐይ ብርታት ልትሆን ትችላለች፤ የቤት ብርታትም ልትሆን ትችላለች፤ በአዳራሽ ለእንግዳ የመጠጥ ቀንድ የምታቀርብ እመቤትም ልትሆን ትችላለች። እኔ የቤት ብርታት ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ራንቬይግም የተሠራው ቤት ከሚል ቃል ነውና ሁለቱ ስሞች እኅትማማች ይመስሉኛል።

ዛሬ ኖርዌያውያንን ብትጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ «የፀሐይ መንገድ» ይሏችኋል። በዛሬው ኖርዌይኛ ቬይ መንገድ ነውና። ዴንማርኮች እንዲያውም ስሙን የሚጽፉት የመንገድን ቃል በሚጽፉበት አጻጻፍ ነው። ከቋንቋ ታሪክ አንጻር ይህ ትክክል አይደለም። ቢሆንም ልጇን ጨለማ በበዛበት በታኅሣሥ ወር ወልዳ፣ የፀሐይ መንገድ ትሁንልኝ ብላ ሶልቬይ ያለቻትን እናት ተሳስተሻል ለማለት አልደፍርም። እርሷም ለስሙ የራሷን ትርጉም ሰጥታዋለች።

ስሙ በእውነት የኖሩ ሰዎች ስም ለመሆኑ ማስረጃው ከአይስላንድ ይመጣል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኦዲ በተባለው የታወቀ የትምህርት ስፍራ ከነበረ ታላቅ ቤተሰብ የተወለደች ሶልቬይ ሳይሙንዳርዶቲር የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ስቱርላ ሲግቫትሶን፣ የታላቁ ጸሐፊ የስኖሪ ስቱርሉሶን የወንድም ልጅ፣ በ1238 በኦርሊግስታዲር ጦርነት ተገደለ። ስሟን ልብ በሉልኝ፤ ሶልቬይ፣ የሳይሙንዱር ልጅ። አብዛኞቹ አይስላንዳውያን ዛሬም በቤተሰብ ስም ሳይሆን በአባት ወይም በእናት ስም ነው የሚጠሩት፤ በስልክ ማውጫቸውም ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። ኖርዌይም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያው ነበረች። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ግዴታ የሆነው በ1923 ነው። እዚህ አገር በየመሥሪያ ቤቱ «የቤተሰብ ስምሽ የትኛው ነው?» ተብላችሁ ግራ ስትጋቡ፣ የጠያቂያችሁ ቅድመ አያት እንደ እናንተ በአባታቸው ስም ይጠሩ እንደነበር አስታውሱ። እንግዳ ልማድ ይዘን አልመጣንም።

ክርስትና ወደ ሰሜን ሲገባ የቅዱሳን ስሞች አብረውት ገቡ፤ ዮሐንስ ዮን፣ ማርጋሬታ ማርግሬቴ እየሆነ ተስፋፋ። ቀጥሎ ኖርዌይ እስከ 1814 ድረስ በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ለአራት መቶ ዓመት ያህል ቆየች፤ የጽሕፈት ቋንቋዋም ዴንማርክኛ ሆነ። ቄሱ በጥምቀት መዝገብ ላይ ስሙን በዴንማርክ አጻጻፍ ይጽፋል፤ ገበሬው በቤቱ በራሱ አነጋገር ይጠራዋል። ሶልቬይም በየሸለቆው ቀበሌኛ ተለዋወጠች፤ ዛሬ ራሱን ችሎ የቆመው ሶልቪ የሚለው ስም ከእርሷ የወጣ ነው ይባላል።

ስሙ በሙሉ ክብሩ የተመለሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኖርዌይ ከዴንማርክ ተለይታ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ሊቃውንቷና ጸሐፊዎቿ «እኛ ማን ነን?» ብለው የጥንቱን ታሪክ፣ ተረትና ስም መቆፈር ጀመሩ። ሃራልድ፣ ሲጉርድ፣ አስትሪድ፣ ሲግሪድ የተባሉት ስሞች ከመጻሕፍት ወጥተው ወደ ሕፃናት አልጋ መጡ። ነገሩ እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ ለንጉሥነት የተመረጡት የዴንማርኩ ልዑል ካርል፣ ሆኮን ሰባተኛ ተብለው የጥንት የኖርዌይ ነገሥታትን ስም ወሰዱ፤ የሁለት ዓመት ልጃቸው አሌክሳንደርም ኡላቭ ተባለ። አንድ ሕፃን ስሙ ተለውጦ የአንድ አገር ነፃነት ምልክት ሆነ። የስም ጉዳይ ቀላል ነገር ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይህን እነግረዋለሁ።

ሶልቬይን ግን ከሌሎቹ የጥንት ስሞች ለይቶ በእያንዳንዱ ቤት ያስገባት አንድ ተውኔት ነው። ሄንሪክ ኢብሰን «ፔር ጊንት»ን ጣሊያን አገር ተቀምጦ ጻፈው፤ መጽሐፉም በኅዳር 1867 በኮፐንሃገን ታተመ። ፔር ጊንት ውሸታም፣ ሕልመኛ፣ ሥራ የሚጠላ ወጣት ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሶልቬይን ያያታል። እርሷ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ሃይማኖተኛ ሰዎች ልጅ ናት፤ አንገቷን ደፍታ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ መጽሐፏን ይዛ፣ ከእናቷ ጎን ትገባለች። ፔር ያን ቀን ሌላ ሰው ሊያገባት የነበረችውን ሙሽራ ጠልፎ ወደ ተራራ ይሸሻል፤ ከሕግም ውጭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ሶልቬይ አባትና እናቷን፣ ታናሽ እኅቷንም ትታ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጫካውን አቋርጣ ብቻዋን ወደ ጎጆው የምትመጣው። እርሱ ያለፈው ሥራው ይከተለውና «ጠብቂኝ» ብሏት ይሄዳል። ሞሮኮን፣ ግብፅን ይዞራል፤ ይከብራል፤ ይደኸያል። ሲመለስ ሽማግሌ ነው። በጰራቅሊጦስ ዕለት ማለዳ፣ ዓይኗ ሊጠፋ የተቃረበች አሮጊት ሶልቬይ፣ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ፣ መጽሐፏን በመሐረብ ጠቅልላ ከጎጆው ስትወጣ ያገኛታል። እውነተኛው ማንነቴ በዚህ ሁሉ ዘመን የት ነበር ብሎ ይጠይቃታል፤ በእርሷ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ውስጥ እንደነበረ ትነግረዋለች።

ኢብሰን በ1874 ኤድቫርድ ግሪግን ለተውኔቱ ዜማ እንዲሠራለት ጠየቀው። ተውኔቱ በየካቲት 24 ቀን 1876 በክርስትያንያ፣ ማለትም በዚህችው በኦስሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ታየ። ሶልቬይ እየፈተለች የምትዘምረው ዜማ፣ ክረምትና በጋ ቢያልፍም እንደምትጠብቀው የምትናገርበት፣ ከተውኔቱ ተለይቶ በአውሮፓ የሙዚቃ አዳራሾች መዞር ጀመረ። ኢብሰንን አንብቦ የማያውቅ የጀርመንና የፊንላንድ ቤተሰብ ስሙን የተማረው ከዚህ ዜማ ነው። ዜማው በሐዘን ስልት ይጀምርና፣ ቃል ወደሌለበት ብሩህ ዜማ ይሸጋገራል፤ ልጅ ያባበለች ሴት ሁሉ ያን ክፍል ታውቀዋለች ብዬ እገምታለሁ።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ፣ በተለይም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ ሶልቬይ በኖርዌይ በጣም ከሚወደዱት የሴት ልጅ ስሞች አንዱ ሆነ። በስዊድንም ተስፋፋ። ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ሙዚቃው አንድ ምክንያት ነው። እኔ ግን ሌላ ምክንያት አያለሁ። ከ1825 እስከ 1925 ባሉት መቶ ዓመታት ከ800 ሺህ በላይ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል። በ1900 የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ 2.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚህ ላይ መርከበኞቹን ጨምሩ። ወንድሟ ሚኔሶታ፣ አባቷ ባሕር ላይ የሆነባት ሴት ብዙ ነበረች። ደብዳቤ የሚጠበቅበት፣ «ይመለስ ይሆን?» የሚባልበት አገር ነበር። በዚያ አገር የምትጠብቅ ሴት ስም ለልጅ ቢሰጥ የሚያስገርም አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደሴ ወይም ጎንደር የምትጠብቅ እናት ያለችው ሁሉ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙ ወረደ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሁሉም ሰው ስሙን ሲይዘው፣ ወላጆች ሌላ ስም ይፈልጋሉ፤ የአክስቶችና የመምህራን ስም የሆነ ስም ለሕፃን አይጥምም። ሁለተኛው ምክንያት የሐሳብ ለውጥ ነው። ሴቶች ለእኩልነት ሲታገሉ፣ ባል ዓለምን ሲዞር በጎጆ የምትጠብቅ ሴት ጥሩ ምሳሌ አይደለችም የሚል ትችት ተነሣ። ትችቱ ክብደት አለው። እኔ ግን ሶልቬይን በዚህ መንገድ ብቻ ማንበብ ይበድላታል እላለሁ። በተውኔቱ ውስጥ ወላጆቿን፣ ማኅበረሰቧንና መልካም ስሟን ትታ፣ ማንም ሳይወስንላት፣ በራሷ እግር ጫካ የገባችው እርሷ ናት። ፔር ከእያንዳንዱ ውሳኔ ሲሸሽ፣ የወሰነችና በውሳኔዋ የጸናች እርሷ ብቻ ናት።

የሚገርመው ደግሞ የኢብሰን ሌላዋ ሴት ዕጣ ነው። በ1879 በወጣው «የአሻንጉሊት ቤት» ውስጥ ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ዛሬ ኖራ በኖርዌይ የሴት ልጅ ስሞች ዝርዝር ላይ በቅርብ ዓመታት በተደጋጋሚ አንደኛ የወጣ ስም ነው። ከአንድ ደራሲ ብዕር የወጡት ሁለት ሴቶች፣ ትታ የሄደችው በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስትገኝ፣ የቆየችው ብርቅ ሆነች። ወላጆች ኖራን ሲመርጡ ስለ ተውኔቱ አያስቡም ይሆናል። ኖራ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛም፣ በስፓኒሽም፣ በአማርኛም ሳይበላሽ ይጠራል። የዛሬ ወላጅ ልጁ ነገ የት እንደምትኖር ስለማያውቅ ስሙ ድንበር እንዲሻገርለት ይፈልጋል። ሶልቬይ በዚህ ፈተና ይቸገራል። መጨረሻው ላይ «ግ» ይጻፋል፤ ኖርዌያውያንና ስዊድናውያን ግን አይጠሩትም። ጀርመኖች ይጠሩታል። የመጀመሪያው ድምፅም በኖርዌይኛ ከ«ሶ» ይልቅ ወደ «ሱ» የቀረበ ነው።

ቢሆንም ስሙ እየተመለሰ ነው። የኖርዌይ የስም ተመራማሪዎች ስሞች መቶ ዓመት ያህል ቆይተው እንደሚመለሱ ደጋግመው አስተውለዋል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የእናትና የአክስት ስም ያረጀ ይመስላል፤ የቅድመ አያት ስም ግን ሕፃን ሳለን ያቀፈን ሰው ስም ነው፣ ወይም በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቀው ሰው ስም ነው፤ ስለዚህ ንጹሕና የተወደደ ሆኖ ይመጣል። አስትሪድና ኢንግሪድ ቀድመው ተመልሰዋል፤ ሶልቬይም በዚያው መንገድ ላይ ናት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በኖርዌይ ሕግ ልጅ በተወለደ በ6 ወር ውስጥ ስሙ መመረጥ አለበት። ሕጉ ለልጁ ከፍተኛ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ስም ይከለክላል እንጂ፣ የኖርዌይ ስም ስጡ ብሎ አያስገድድም። የአሁኑ ሕግ እንዲያውም ከአባት ወይም ከእናት ስም ተነሥቶ የልጅነት ቅጥያ የተጨመረበት የመጨረሻ ስም መያዝን መልሶ ፈቅዷል፤ የ1923ቱ ሕግ ሊያጠፋው የተቃረበው ልማድ ማለት ነው። የኖርዌይ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ስም ስንት ሰው እንደያዘው በነፃ የሚፈለግበት የመረጃ ቋት አለው። ያሰባችሁትን ስም እዚያ ፈልጉት። ለልጃችሁ ከክፍል ጓደኞቿ አራቱ የሚጋሩትን ስም ትፈልጉላት እንደሆነ ወይም ብርቅ የሆነውን፣ አስባችሁ ወስኑ። ሁለቱም ችግርና ጥቅም አለው። ብርቅ ስም ያላት ልጅ ስሟን ደጋግማ ታስረዳለች፤ አንድ ጊዜ የሰማት ሰው ግን አይረሳትም።

ስሙን ከመረጣችሁ በኋላም ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ፀሐይ የሚለው የራሳችን የሴት ስም እያለ ሶልቬይን ብትመርጡ የሚወቅሳችሁ አይኑር፤ ሶልቬይን መርጣችሁ ፀሐይን ሁለተኛ ስም ብታደርጉላትም ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው፣ አያት አዲስ አበባ ሆና በስልክ ስትጠራት ምላሷ እንዳይሰናከል፣ ስሙን በፊደላችን ጻፉና ላኩላት፤ አጠራሩን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላት። ሁለተኛው፣ ስሙን ለምን እንደመረጣችሁት በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛም በኖርዌይኛም ጽፋችሁ ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር አኑሩላት። ማን መረጠው፣ ማን ተቃወመ፣ በማን ስም ነው፣ ያን ጊዜ ቤቱ እንዴት ነበር፤ ሁሉንም ጻፉ። ልጃችሁ አድጋ ስትጠይቃችሁ መልሱ በእጇ ይሁን።

 ልጅ የምትጠብቁ ወላጆች ስለ ስም ምዝገባው ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጠይቁኝ።